የአራት ደቂቃ ዝምታ

አጎት ጋሪብ በጋዝ ማከማቻው ወለል ላይ ተደፍቶ ሲገኝ፣ የስዊዝ ከተማ የምህንድስና ተማሪዎች የኢነርጂ ክበብ የኩባንያ እንግዶቹን ሸኝቶ ገና ምሳውን አልጨረሰም ነበር። ላቦራቶሪውን ሃያ ዓመት የጠበቀ ሰው ነው። ግራ ያጋባው ከሞቱ አሟሟቱ ነው፤ ቁስል የለበትም፣ ሐኪሙ አየር አጥሮት ሞተ አለ።

የፖሊስ መርማሪው ሻለቃ ናሲፍ የዱባ ፍሬ እየቆረጠመ ማከማቻውን ዞሮ አየው። የናይትሮጅኑ ሲሊንደር በደንብ አልተዘጋም፤ የሚያፈሰው ጋዝ የክፍሉን አየር ገፍቶ ያስወጣል። አየር ሲያጥር መጮህ ያለበት የግድግዳ ማስጠንቀቂያ ግን ትንፍሽ አላለም። ከፈተው፤ ባትሪ የለውም።

የክበቡ ፕሬዚዳንት ሻሂንዳ በሩ ላይ ቆማለች። ኩባንያው ለተማሪዎች አሥር የልምምድ ቦታ ሊሰጥ ነው፤ አንዱ የእሷ ነው። በዚህ ሰዓት ይህን ማሰቧ ራሱ አሳፈራት።

«ሲሊንደሩን ማን ከፈተው?» አለ ሻለቃው።

«እኔ፣» አለች የክበቡ አባል ኒርሚን እያለቀሰች። «ለእንግዶቹ ሙከራ ላሳይ ብዬ። የዘጋሁት መስሎኝ ነበር።»

«ማስጠንቀቂያውስ?»

«እሱን የሚነካው አጎት ጋሪብ ብቻ ነው፣» አለ የድምፅ ማጉያው ኃላፊ ባሂ። «እኛ ብንነካው ጆሯችንን ነው የሚቆነጥጠን።»

«በሉ፣ የዛሬውን ዝግጅት ቪዲዮ አምጡልኝ። ማይኩንም።»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። የሟቹ ልጅ ሱዓድም ጥቁር ለብሳ ከፊት ተቀመጠች።

«ጋሪብ ጥንቁቅ ነበር፤ ባትሪ በቀየረ ቁጥር ቀኑንና ክፍሉን ይጽፍበታል፣» አለ ሻለቃው ማይኩን እየፈታ። ባትሪው ላይ በሰማያዊ ቀለም «ማከማቻ» ተብሎ ተጽፏል። «ቪዲዮው ላይ፣ በፕሬዚዳንቷ ንግግር መሃል ማይኩ ቀጥ ይላል። አራት ደቂቃ ዝምታ። ባሂ ይወጣል፤ ሲመለስ ማይኩ ነፍስ ይዘራል። እንግዶቹ ሲሄዱ ጋሪብ ሲሊንደሩን ሊያይ ገባ። የሚጮህለት ማስጠንቀቂያ አልነበረም።»

ባሂ ተነሳ። «እኔ ነኝ። ማንም አላወቀም። ልመልሰው ነበር... ከዚያ ፎቶ ተባለ፣ ምሳ ተባለ...»

«አንድ ነገር ይቀረኛል። ባትሪውን ስትከት ለፕሬዚዳንቷ የሆነ ነገር ነገርካት፤ እሷም መለሰችልህ። ቪዲዮው ድምፃችሁን አልያዘውም።»

«‹ቶሎ በል› ነው ያለችኝ፣» አለ ባሂ ተቻኩሎ።

ሻሂንዳ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ላይ ይቆም ነበር። ሱዓድ ግን ዞራ ታያት ጀመር። ሻሂንዳ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብላ ተመኘች፤ ፊቷ በእፍረት ነደደ።

«ውሸቱን ነው፣» አለች ተነስታ። «ከየት እንዳመጣው ነግሮኛል። ‹በእንግዶቹ ፊት አታዋርደኝ፣ በኋላ ትመልሰዋለህ› አልኩት። ከዚያ በዚያው ማይክ ስለ ሥራ ላይ ደህንነት ንግግሬን ቀጠልኩ። አባትሽም ከኋላ ቆሞ አጨበጨበልኝ።»