የጓድ አስማረ ቅባት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምጽፍላችሁ በሁለት ዓይኔ ያየሁትን ነው። አብራኝ ያየችው እናቴ ዛሬ በሕይወት የለችም።

ሰኔ 1970 ዓ.ም.፣ ቢቸና። ከቀኑ ስድስት ሰዓት...

ቀትር ላይ ሰው ከቤቱ አይወጣም። እኛም በር ዘግተን፣ እናቴ ይርጋነሽ ቅቤና ሰም በገል ታቀልጣለች፤ እኔ እሬት እልጣለሁ። ለቃጠሎና ለቁስል በምትሠራው ቅባት እናቴን ከደጀን እስከ ሞጣ የማያውቃት አልነበረም።

በሩ ተንኳኳ።

የገባው ሰው ካኪ ለብሷል፤ ሽጉጥ ታጥቋል። ጓድ አስማረ እባላለሁ፣ ከሞጣ ነው የመጣሁት አለ። ቀኝ እጁን የጠቀለለበትን ፋሻ ሲፈታው መዳፉ ተቃጥሎ መግል ይዟል። ክሊኒክ ቢመላለስም አልሻረለትም። በምን እንደተቃጠለ አልነገረንም... እኛም አልጠየቅንም። በዚያ ዘመን ካድሬ ይጠይቃል እንጂ አይጠየቅም።

የማን ቤት እንደገባ ግን አላወቀም።

ወንድሜን ኃይለ ጊዮርጊስን ኅዳር ላይ ከትምህርት ቤት ወስደውታል። ሞጣ ነው ያሰሩት ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውም ጠፋ። እናቴ ከፈጣሪዋ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር... ልጇ የት እንደወደቀ ማወቅ።

እናቴ ቅባት ስትሠራ ሥርዓት አላት። ቅጠሉን የምትቆርጠው የታማሚውን የክርስትና ስም ጠርታ ነው፤ ቅባቱም ለዚያ ስም ብቻ ይሆናል። በሌላ ሰው ስም የተሠራውን የተቀባ፣ የዚያን ሰው ሕመም ይወርሳል ትላለች።

«የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ» አለችው።

ሳቀ። አብዮተኛ ነኝ ቢልም እሱም የጎጃም ልጅ ነው፤ እውነተኛ ስሙን ለመድኃኒት ቀማሚ መንገር ፈራ። ይደግሙብኛል ብሎ ነው። ትንሽ አሰበና አፉ ላይ የመጣለትን ስም ጠራ።

«ሣህለ ማርያም።»

የያዝኩት እሬት ከእጄ ወደቀ።

ሣህለ ማርያም የወንድሜ የክርስትና ስም ነው። የክርስትና አባቱ ከሞቱ ወዲህ ከእኔ፣ ከእናቴና ከንስሐ አባታችን በቀር የሚያውቀው የለም። ወንድሜም ስሙን የሚያነሣው ሲጸልይ ብቻ ነበር... «ባሪያህን ሣህለ ማርያምን አስበኝ» እያለ።

ይህ ሰው ወንድሜ ሲጸልይ ሰምቷል።

ከየት እንደሰማው እንኳ ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እናቴን አየኋት። ፊቷ አልተለወጠም።

«ደግ ስም ነው» አለችው። «ነገ በቀትር ይምጡ።»

በሩን ዘግቼ ተጠጋኋት።

«እምዬ... በዚያ ስም ልትሠሪለት ነው?»

«ራሱ የሰጠኝ ስም ነው።»

«ኃጢአት አይሆንብሽም?»

«ዝም በይ አንቺ። እሬቱን ላጪ።»

ላጥኩ። በቀል የእግዚአብሔር ነው የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ይሁን። እኔ ግን ያን ዕለት እሬቱን የላጥኩት ደስ እያለኝ ነው።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ጓድ አስማረ ቅባቱን በማግሥቱ ወስዶ በሳምንቱ እየሳቀ መጣ፤ ስኳርም ይዞልን ነበር። መዳፉ ላይ ጠባሳ እንኳ የለም። ነገር ግን ሌላ ነገር አስቸገረኝ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ...

ሁለቱም የእጁ አንጓዎች ላይ የገመድ ምልክት።

ማንም አላሰረኝም፣ እንዲሁ ተኝቼ ስነሣ ነው ያገኘሁት ይላል። እናቴ ምልክቱን በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰችው። ቀስ ብላ ነበር፤ ልጇን የምትዳስስ ይመስል ነበር። ከዚያ ቅባት ጨመረችለት።

ቀጥሎ የመጣው በበቅሎ ነው። ውስጥ እግሩ ተተልትሏል... ከዚያ ደግሞ ጀርባው። ሥቃዩ ጋብ የሚልለት ያን ቅባት ሲቀባ ብቻ ስለሆነ ይቀባል። በተቀባ ቁጥር ሌላ ቁስል ይወጣል። እናቴ ልጇን ምን እንዳደረጉት በዚያ ሰው ገላ ላይ አንድ በአንድ አየች።

እሱም ቁስሎቹን እያወቃቸው መጣ። የእጁ ሥራዎች ናቸውና።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እንደ ልማዱ በቀትር፣ ጠባቂዎቹ ደግፈው አስገቡትና ውጭ ቆሙ። ያስላል። ሲያስል ከአፉ አፈር ይወጣል... ቀይ፣ እርጥብ አፈር።

«እሜቴ... ያ ስሙን የሰጠሁዎት ልጅ... ምንዎ ነው?»

«ልጄ ነው። የት ቀበርከው?»

አንተ ስትለው ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ብነግርዎት ይተወኛል?»

«እሱን እጠይቅልሃለሁ።»

ነገራት። ከሞጣ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ካቡ ሥር፣ ከተቆረጠው ባሕር ዛፍ አጠገብ... ብቻውን።

ጠባቂዎቹ በበቅሎ ጭነውት ሄዱ። ሞጣ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ። የገነዙት ሰዎች ደረቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አገኙ ተባለ። ጠባቂዎቹ ተኩስ አልሰማንም ብለው ቢምሉም ማን ያምናቸዋል፤ እነሱም ታሰሩ። እኔ አላዘንኩላቸውም።

ጥቅምት ላይ እናቴና እኔ ቅርጫትና መቆፈሪያ ይዘን ሞጣ ሄድን። ስራስር የምትቆፍር ሴት ማንም አይጠረጥርም። በማለዳ ቦታውን አገኘነው።

ቆፈርን። ዓመት ሊሞላው ነው፣ አጥንት እናገኛለን ብለን ነበር...

ወንድሜ እንደተኛ ሰው ነበር።

አንጓው ላይ የገመድ ምልክት የለም። ውስጥ እግሩ የሕፃን እግር ይመስላል። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተበስቷል፤ ከሥሩ ያለው ገላው ግን ደህና ነው።

እናቴ ድምፅ እንዳይሰማባት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ አለቀሰች። እኔ አፈሩን ጠርጌ ቀኝ እጁን ያዝኩት።

መዳፉ በቅባት ርሷል። የኛው ቅባት ነው፤ ሽታውን አውቀዋለሁ።

ሣሩ ላይ ውርጭ ወርዶ ነበር፤ ጣቶቼ ደንዝዘዋል።

መዳፉ ላይ ያለው ቅቤ ግን አልረጋም ነበር...