የሻማ ሠሪው ልጅ እስትንፋስ

በ1912 ዓመተ ምሕረት፣ ታላቁ ጦርነት ባለቀ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ዘጠኝ ቀን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሻማ ሠሪው ከቄራ የገዛውን የሻማ ሞራ ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ሞራውን ሲመዝኑለት አራጆቹ እንደ ልማዳቸው ቆሽቱን ለውሾች ይወረውሩ ነበር፤ እርሱ ግን ሐሳቡ ሁሉ ከልጁ ዘንድ ስለነበር ቀና ብሎም አላየ።

ልጅቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የስኳር በሽተኛ ነበረች። በዚያ ዘመን ይህ ደዌ መድኃኒት አልነበረውም፤ ሊቃውንቱ የነበራቸው መላ ረኃብ ብቻ ነበር። ከጦር ሜዳ የተመለሰው የከተማው ሐኪምም፣ «ስኳሩ ከሽንቷ እስኪጠፋ ከውኃ በቀር እንዳትቀምስ፤ አንዲት ፍሬ ከበላች ድካማችን ከንቱ ነው» ብሎ አዝዞ ነበር። እናቷ በወሊድ ስለሞተች ያሳደገቻት የአባቷ ታላቅ እኅት፣ የገበያዋ ፍሬ ሻጭ፣ ከአልጋዋ አትለይም።

አባት ግንባሯን ሊስም ጎንበስ ሲል አፏ የበሰለ ፖም ሸተተው። ደሙ ፈላ።

«እትዬ! ፖም አብልተዋታል!»

«እኔ? ምን ቆርጦኝ!»

«አንጀትዎ አልችል ብሎ ነው። ይኸው አፏ ይመሰክራል!»

«አንተ ሰው፣ ሞራው አፍንጫህን ደፍኖታል እንዴ? ፖም የሚሸተው የኔ ቀሚስ ነው!»

«ምንም አልበላሁም፣ አባባ» አለች ልጅቱ በሰለለ ድምፅ። «ብትሰጠኝማ እበላ ነበር።»

አክስት ሳቋ አመለጣት፤ አባት ሳቁን እንደ ማስረጃ ቆጠረው። «ሁለተኛ ይህን ደጅ እንዳይረግጡ!» ብሎ አስወጣትና በሩን ዘጋ። ሌሊቱን ልጅቱ «አክስቴስ?» ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በማግሥቱ ሐኪሙ ሲመጣ ሽታው ብሶ ነበር። ሻማ ሠሪው ጥፋተኛዋን እንዳባረረ ነገረው። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጎንበስ አለና ትንፋሿን አሸተተ።

«ማንም ፖም አልሰጣትም። ሰው አንድ ሁለት ቀን ሳይበላ ሲቆይ፣ ሰውነቱ መጀመሪያ ጉበቱ ያስቀመጠውን ስኳር ይጨርሳል፤ ከዚያ ስቡን እያቀለጠ ያነዳል። ሽታው የዚያ ጭስ ነው ይበሉት፤ እኔም ብጾም በመጠኑ እሸታለሁ።»

«ታዲያ የእርሷም በመጠኑ ነው?»

«የጤነኛው እሳት ልጓም አለው። የእርሷ የለውም፤ ደሟ እየተመረዘ ነው።»

«ምን እናድርግ?»

«እኅትዎን ይጥሯቸው» አለ ሐኪሙ።

ሻማ ሠሪው ወደ ገበያ ሮጠ። አክስት ቅርጫቷን እንኳ ሳትከድን ተከተለችው፤ በመንገድ ላይ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» ሲላት፣ «እግርህን አንሳ፤ እሱን በኋላ» አለችው። ሲደርሱ ልጅቱ በረጅሙ ትተነፍስ ነበር፤ ዓይኗን ግን አልገለጠችም። አክስት «መጣሁልሽ» አለቻት፤ ደግማም «መጣሁልሽ፣ እናቴ» አለቻት። ልጅቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐረፈች።

ታሪክ አክብሮ ያኖረው የፈውሱን ቀን ነው፤ በረኃብ እየታከሙ ስላለፉት ሕፃናት ያለው ጥቂት ነው። ሻማ ሠሪው ከዚያም በኋላ ሞራ ሊገዛ በየሳምንቱ ቄራ ይሄድ ነበር። የስኳር በሽታ መድኃኒት የተገኘው ልጅቱ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ የወጣውም ከከብት ቆሽት ነበር።