የእናቲቱ ፍራሽ

ትርንጎ ዘወትር ጠዋት መስኮት አልባ ወደሆነችው መቅረጫ ክፍሏ ገብታ አንዴ ታጨበጭባለች። ሥራዋ መጻሕፍትን በድምፅ መተረክ ነው፤ ጭብጨባው ባዶውን ግድግዳ መትቶ ከተመለሰ ክፍሉ ዛሬም ያስተጋባል ማለት ነው። አሳታሚው አቶ ልዑልሰገድ ደግሞ ቁርጡን ነግረዋታል፤ "ይኼኛውም ጉድጓድ ውስጥ የተነበበ ከመሰለ፣ የኔ እህት፣ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን።" በድምጿ የምታድር ሴት እንዴት አትጨነቅ?

ማስተጋባቱን የሚውጠው የግድግዳ ስፖንጅ ዋጋው አይቀመስም። ምናለሽ ተራ ወርዳ፣ ጣውላ ላይ ጥጥ ጠቅጥቀው በአቡጀዲ የሚሸፍኑ ጋሽ ይርዳው የተባሉ ሽማግሌ አገኘች። ለክፍሏ የሚበቃውን ስምንት ሰሌዳ በአንድ ስፖንጅ ዋጋ ሲሏት ደስ ሊላት ሲገባ ጠረጠረች።

"ጥጡ የምንድን ነው?"

"የእናቴ ፍራሽ ነው ልጄ። ነፍሷን ይማርና፣ አንደበቷ ተዘግቶ ሰባት ዓመት ተኝታበታለች።" እርሳሳቸውን በምራቅ አርሰው "ስምሽን ልጻፍበት፤ ትዕዛዝ እንዳይምታታብኝ" አሏት።

ከእሷ በቀር ገዢ አልነበረም። ቢሆንም ነገረቻቸው።

ሰሌዳዎቹን በሰቀለች ማግስት አጨበጨበች፤ ምንም አልተመለሰም። ደስታዋ ግን አልቆየም። የመንገዱ ጡሩምባ፣ የጎረቤት ባልዲ፣ የገዛ እርምጃዋ ሳይቀር እየተዋጠ፣ ክፍሉን የታመቀ ላብና የመድኃኒት ቅባት ሽታ እየሞላው ሄደ፤ አቡጀዲውም በትንፋሽ ልክ ገባ ወጣ የሚል መሰላት። ነፋስ ነው አለች፣ መስኮት በሌለው ክፍል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አንብባ ስትጨርስ፣ በማዳመጫዋ ውስጥ የደከመ የአሮጊት ሹክሹክታ "ትርንጎ" ሲል ጠራት። "ጠሪሽን ሳታዪ አቤት አትበዪ" ብለው ነበር ያሳደጓት። ታላቅ ሲጠራ ዝም ማለት ነውር ነው ብለውም አሳድገዋት ነበርና አፏ ቀደማት።

"አቤት።"

ፈራች፤ ግን ሥራው መድረስ ነበረበት። ሹክሹክታውን ከመጨረሻው ቆርጣ ንባቡን ለአሳታሚው ላከች። ብቻዋን ስለምትኖር እስከ ቀትር ድረስ ያነጋገራት ሰው አልነበረም።

አቶ ልዑልሰገድ ሲደውሉ፣ እዚያው መቅረጫ ክፍል ሆና የስልኳን ድምፅ ማጉያ ከፈተች።

"ግሩም ነው፤ ማስተጋባት የሚባል የለውም። ከእንግዲህ ሥራው ያንቺ ነው። ትርንጎ? ትሰሚኛለሽ?"

ልትመልስላቸው አፏን ከፈተች። ጉሮሮዋ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም።

ከጀርባዋ፣ ከአቡጀዲው ውስጥ፣ የገዛ ድምጿ በትሕትና "አቤት" አለ።