ከሚስማሩ ላይ የጠፋው መለያ

ጋሽ ካርታ ተራራ ላይ ቢሞቱ ኖሮ የሚገረም አይኖርም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎብኚ ወደ ተራራው ብሔራዊ ፓርክ የመሩት ሰው ግን ቅዳሜ ጠዋት በጉዞ ድርጅቱ ዕቃ ቤት፣ በሩ ሥር ተደፍተው ተገኙ። ጣቶቻቸው በሩን ሲቧጥጡ ቆስለዋል። ፊሽካቸው ከከንፈራቸው አልወረደም።

የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ከዚያ ወዲህ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እኔ ነኝ የቆለፍኩባቸው።»

እውነቷን ነው። ዓርብ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ድንኳኖቹን ብል እንዳይበላቸው መድኃኒት አስቀምጣ በሩን እስከ ቅዳሜ ትቆልፋለች። መድኃኒቱ ጢስ የለውም፤ ሰው ግን ይገድላል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ከተራራ ጉዞ የወሰዱት ሕግ አላቸው። ወደ ዕቃ ቤቱ የሚገባ ሁሉ ስሙ የተቀረጸበትን የነሐስ መለያ በሩ ውጭ ባለው ሚስማር ላይ ይሰቅላል፤ ሲወጣ ያነሳል። መለያ ተሰቅሎ ቁልፍ አይዞርም። ዓርብ ዕለት ሚስማሩ ባዶ ነበር። ጋሽ ካርታ ደግሞ ከመደርደሪያው ጀርባ ድንኳን ዘርግተው፣ ውስጡ ተኝተው ቀዳዳ ሲፈልጉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ይህ ልማዳቸው እንደሆነ የማያውቅ ሠራተኛ የለም።

መርማሪውን ባልደረቦቹ «ጉንዳን» ይሉታል፤ ከነከሰ አይለቅም። ሦስቱን ሠራተኞች ጉዞ በሚታቀድበት ክፍል ሰብስቦ በሩን ዘጋ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ኃላፊዋ ፍርግርጉን እያየች ከእንግዲህ የምትኖረው ከእንዲህ ያለ መስኮት ጀርባ እንደሆነ አሰበች።

«የሟቹ መለያ የት ተገኘ?»

«ኪሳቸው ውስጥ፣ ከቁልፎቻቸው ጋር፤» አለ የድርጅቱ ሸሪክ። «መስቀሉን ረስተው ነው። ዕድሜ ክፉ ነው። እሷም ብትሆን ገባ ብላ ማየት ነበረባት።»

«ጋሼ አይረሱም!» አለች ኃላፊዋ።

«ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት ሬሳውን ማን ነካ?»

«ከእኔ በቀር ማንም፤» አለ ሸሪኩ። «ልባቸው ይመታ እንደሆነ ብዬ አዳመጥኩ። መድኃኒቱ ስላልወጣ እነሱን እንዳይጠጉ ከለከልኳቸው።»

«እውነት ነው፤» አለ ሾፌሩ፣ የሟች የእህት ባል። «እኔ ከውጭ ብቻ የሚከፈተውን መስኮት ስከፍት ነበር። እሷማ ደጅ ወድቃ ታለቅስ ነበር።»

«አንተ ሐሙስ ዕለት ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል አሉ?»

«‹በዚህ ጎማ ተራራ አትወጣም› ብለው ጮኹብኝ። ቀየርኩት። ሰው በጎማ ይገደላል እንዴ?»

መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ወደተዘረጋው የጉብኝት ዕቅድ ጎንበስ አለ። አርባ ጎብኚዎች፣ ሰኞ ጠዋት። በሸንተረሩ የሚያልፈው መንገድ በቀይ እርሳስ ተሰርዟል፤ አጠገቡ «በዝናብ ይናዳል» የሚል የጋሽ ካርታ ጽሑፍ አለ። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

«ይሄን የሚፈርመው ማነው?»

«ዋናው መሪ፤» አለች ኃላፊዋ።

«እሱ ከሌለ?»

«ምክትሉ።» ሳታስበው ዓይኗ ወደ ሸሪኩ ሄደ።

መርማሪው ግን ሌላ ነገር ጠየቃት። «እህቴ፣ የዚህ ቤት መቆለፊያ ሁሉ ነሐስ ነው። የዕቃ ቤቱ ብቻ ለምን ብረት ሆነ?»

«መድኃኒቱ ነሐስ ያጠቁራል። ሁለት መቆለፊያ ካበላሸብኝ በኋላ ነው የቀየርኩት።»

«ተባረኪ!» አለና ከፖስታ ሦስት ነገሮች ዕቅዱ ላይ አፈሰሰ። ፊሽካውና ቁልፎቹ ከሰል መስለዋል። መለያው ያብረቀርቃል።

«ሦስቱም ነሐስ ናቸው። ፊሽካው ከንፈራቸው ላይ ነበር፤ ቁልፎቹና መለያው ከአንድ ኪስ ወጡ። ታዲያ መለያው ለምን አልጠቆረም? እዚያ ቤት ስላላደረ ነው። ጋሽ ካርታ አልረሱም፤ ሲገቡ ሰቅለውታል። አንድ ሰው ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት አነሳው፤ ጠዋት ደግሞ ኪሳቸው ውስጥ ከተተው። ሬሳውን የነካው ሰው ማን እንደሆነ ራሱ ነግሮናል።»

ሸሪኩ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሸንተረሩን ለአርባ ሰው ቃል ገብቼ ነበር፤» አለ ቀስ ብሎ። «ጋሽ ካርታ አልፈርምም አሉኝ። ምን ላድርግ?»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤» አለ መርማሪው ክንዱን እየያዘ። «የእርስዎስ ጭራሽ ሳያድር ቀለለ።»

ከበሩ ሳይወጣ ወደ ኃላፊዋ ዞረ። «በቃ እህቴ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ገዳይዋ አንቺ አይደለሽም።»

ራሷን ነቀነቀች፤ እንባዋ ግን አልቆም አለ። ልትቆልፍ ወደ ዕቃ ቤቱ ወረደች። ሚስማሩ ባዶ ነው። ቢሆንም ገባች፤ በየመደርደሪያው ጀርባ፣ በየድንኳኑ ውስጥ እየጎነበሰች «ሰው አለ? ሰው አለ?» እያለች ተጣራች። የመጨረሻውን ድንኳን በእጇ ዳብሳ ካየች በኋላ ነው ቁልፉን ያዞረችው።