ከሃውኪ ረግረግ የተለቀመ

ቱኦቪ ከላይ የተጫነውን ጣውላና ድንጋይ አንስታ ዕፅዋት የምታደርቅባቸውን ጋዜጦች አንድ በአንድ ስትገልጥ መጀመሪያ የመጣባት ሽታው ነው። አሮጌ ምድር ቤት፣ አሮጌ ምድር ቤት ይላል። ሰባተኛው ጋዜጣ ላይ እጇ ቆመ። ወይን ጠጅ የነበረው አበባ ጠቁሯል፤ ከላዩ ነጭ ሻጋታ እንደ ጥጥ ተጋግሯል። የሚቀጥለውም እንደዚያው። ከዚያ የሚቀጥለውም።

ጥፋቱ የራሷ ነው። ጋዜጣው በየቀኑ ይቀየራል ተብሏል። እሷ ግን ከእናቷ ጋር ጫካ ገብታ ሰማያዊ እንጆሪ ስትለቅም አንድ ሳምንት ሙሉ ረስታው ከረመች። አሁን ትምህርት ቤት ሊከፈት ሦስት ቀን ቀርቶታል። እያንዳንዱ ተማሪ ስልሳ ዕፅዋት ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ስማቸውን፣ የተለቀሙበትን ቦታና ቀን ጽፎ ማስረከብ አለበት። ያላሟላ ይወድቃል። ቱኦቪ ደግሞ መውደቅ አትችልም። እናቷ ወተት ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ አጣቢ ናት፤ ትምህርት ቤቱ ቱኦቪን በነፃ የሚያስተምራት ውጤቷና ጠባይዋ ጥሩ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።

«ስንት ተበላሸብሽ?» አለች ሲርካ፣ በሩ ላይ ቆማ ፖም እየገመጠች። ሲርካ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ልጅ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት።

«አስራ አንድ።»

«ለአስራ አንድ ሳር ነው እንዲህ ፊትሽ የጠቆረው? አታካብጂ። ተነሽ፣ እኛ ቤት እንሂድ።»

ሲርካ ቤት፣ ጣሪያው ሥር ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ ሳጥን አለ። እናቷ ኩሳሞ፣ ሰሜን ውስጥ፣ ተማሪ ሳለች የሰበሰበችው የደረቁ ዕፅዋት መድብል እዚያ ተቀምጧል። ሃያ አምስት ዓመት ሆኖታል። አበቦቹ ትንሽ ደብዝዘዋል እንጂ አንዳቸውም አልሻገቱም።

«እናትሽ ብታውቅስ?»

«እናቴ ይህን ሳጥን ከፍታ አታውቅም። አበባ አበባ ነው፤ ዘንድሮ ደረቀ፣ ድሮ ደረቀ፣ ማን ያውቃል? አንቺ ብቻ ቦታውን ቀይሪ።»

ቱኦቪ ብዙ አላሰበችም፤ ማሰብ የጀመረችው በኋላ ነው። አስራ አንዱን በምላጭ ከወረቀታቸው አላቅቃ በራሷ ነጭ ወረቀት ላይ ለጠፈቻቸው። ስማቸውን ከአሮጌው ጽሑፍ ላይ ገለበጠች። ቦታውን ከራሷ አወጣች። አንዱን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አንዱን ከባቡር ሐዲዱ ዳር፣ አንዱን ከሐይቁ ዳርቻ አደረገችው። አንዲት ትንሽ ቢጫ አበባ ነበረች። አሮጌው ወረቀት «ረግረግ» ይላል። ስለዚህ ቱኦቪ በሚያምረው የእጅ ጽሑፏ «ሃውኪ ረግረግ፣ ነሐሴ 2» ብላ ጻፈች።

የዕፅዋቱ ፈተና ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። የተፈጥሮ ሳይንስ አስተማሪዋ ወይዘሪት ኑቲነን ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዋ አጠገብ እያስቀመጠች፣ የእያንዳንዱን ዕፅ ስም በእጇ ሸፍና ትጠይቃለች። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት የቀራት፣ ቀጭንና ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ቱኦቪ እየመለሰች፣ እሷም ወረቀቱን እያገላበጠች አርባ ሁለተኛው ላይ ደረሱ። አርባ ሦስተኛው ላይ ወይዘሪት ኑቲነን መነጽሯን አወለቀች፤ በሻሽዋ ጠርጋ መልሳ አደረገችው።

«ይህንን ራስሽ ነሽ የለቀምሽው?»

ቱኦቪ ተነቃብኝ አለች በልቧ። «አዎ፣ ቲቸር።»

«ከሃውኪ ረግረግ?»

«አዎ።»

ወይዘሪት ኑቲነን አልተቆጣችም። ፈገግ አለች፤ ቱኦቪ ደግሞ ሴትዮዋን ፈገግ ስትል አይታት አታውቅም። «እኔ ይህን አበባ በዚህ ወረዳ ያየሁት የአስራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ከዚያ ረግረጎቹ ቦይ ተቀደደባቸው፣ ውሃው ሄደ፣ አበባውም አብሮ ሄደ። ስንቴ ፈለግሁት መሰለሽ። ሄልሲንኪ፣ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መዘክር እልከዋለሁ። ስምሽ ከሥሩ ይጻፋል። እዚያ የገባ ነገር መቶ ዓመት ይቀመጣል፣ ልጄ።»

ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር።

ወሬው ከቱኦቪ ቀድሞ ቤቷ ገባ። እናቷ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከወይዘሪት ኑቲነን ጋር ተገናኝታ ነበር። በማግስቱ ወተት ፋብሪካ ውስጥ ያልሰማ ሰው አልቀረም። «የኔ ልጅ ስም ሄልሲንኪ» ትላለች እናቷ፣ ጥቁሩን ዳቦ ቅቤ እየቀባች። ቱኦቪ ዳቦዋን ሳትጨርስ ትነሳለች። ክፍል ውስጥ በሩ በተከፈተ ቁጥር ትደነግጣለች። ኮሪደር ላይ የወይዘሪት ኑቲነንን የጫማ ኮቴ ከሌላው ሰው ኮቴ መለየት ጀመረች፤ ስትሰማው መጸዳጃ ቤት ትገባለች።

ዓርብ ዕለት ግን ተያዘች። «ነገ ከክፍል በኋላ አብረን እንሄዳለን» አለች ወይዘሪት ኑቲነን። «ቦታውን ታሳዪኛለሽ። ቦት ጫማ እንዳትረሺ።»

ቱኦቪ ሲርካን ብስክሌት ማቆሚያው ጋ አገኘቻት።

«ላም በላው በያት» አለች ሲርካ።

«ረግረግ ውስጥ ላም ምን ትሠራለች?»

«እሺ፣ አጋዘን በላው በያት። አጋዘን መጥቶ ቃሉን አይሰጥ።» ሲርካ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ዙሪያዋን አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝማ፣ ቱኦቪ። የእናቴ መሆኑን ከተነፈስሽ አለቀልኝ። ዕቃዋን መንካቴን ካወቀች ቤት አታስገባኝም። ምሰሶ ሆነሽ ቁሚ፤ በቃ። አንድ ቀን ነው፣ ፈልጋ ፈልጋ ትተወዋለች።»

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በብስክሌት ወጡ፤ ወይዘሪት ኑቲነን ከፊት፣ ቱኦቪ ከኋላ። ሰማዩ ዝቅ ብሏል፤ ዝናብ ግን አልጣለም። ብስክሌቶቻቸውን ጥድ ሥር አስደግፈው በእግር ገቡ። ወይዘሪት ኑቲነን የአባቷ የነበረ የሚመስል ሰፊ ቦት ጫማ አድርጋለች፤ አንገቷ ላይ በክር የታሰረ ማጉያ መነጽር ተንጠልጥሏል።

«የት ጋ ነበር?»

ቱኦቪ እጇን ዘረጋች። ወዴት እንደዘረጋችው እሷም አታውቅም። «እዚያ ጋ... ይመስለኛል።»

ወይዘሪት ኑቲነን ሄደች። በየእርምጃው ምድሩ ከእግሯ ሥር ይሰምጣል፣ ውሃ ያፈልቃል። ደርሳ ተንበረከከች። ሳሩን በጣቶቿ እየከፈለች፣ ፀጉር ውስጥ የጠፋ መርፌ እንደሚፈልግ ሰው መፈለግ ጀመረች። ቱኦቪም ጎን ለጎን ተንበርክካ አብራ ፈለገች። የሌለ ነገር እየፈለገች መሆኑን እያወቀች ፈለገች። አንድ ሁለቴ ቢጫ ነገር ስታይ ልቧ ዘለለ። ምናልባት ይኖር ይሆናል፤ ምናልባት እግዚአብሔር ለዛሬ ብቻ አንድ ያበቅልልኝ ይሆናል አለች። የወደቀ የበርች ዛፍ ቅጠል ነበር።

አንድ ሰዓት አለፈ። ከዚያም ሌላ ግማሽ። የወይዘሪት ኑቲነን ቀሚስ እስከ ወገቧ ርሷል። ለመነሳት ስትሞክር አንድ ጊዜ ወገቧ ያዛትና ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

«ቲቸር፣ ምናልባት...» አለች ቱኦቪ። አጋዘኑ ከንፈሯ ላይ ነበር። «ምናልባት እንስሳ በልቶት ይሆናል።»

«ሊሆን ይችላል። ሥሩ ካለ ግን ችግር የለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ያወጣል።» ወይዘሪት ኑቲነን በርሶ በቀላ እጇ ግንባሯን ጠረገች። ግንባሯ ላይ ጭቃ ቀረ። «አይዞሽ፣ አትጨነቂ። ዛሬ ካጣነው በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ። በረዶ እስኪጥል በየቅዳሜው እመጣለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

እንዲህ ብላ ተመልሳ ተንበረከከች።

ቱኦቪ ከኋላዋ ቆማ ጀርባዋን አየችው። የሹራቧ ክርን ሁለት ቦታ በሌላ ቀለም ክር ተጠግኗል። በየቅዳሜው። ብቻዋን።

«ከዚህ አይደለም» አለች ቱኦቪ።

«ወደ ግራ ነው?»

«አይደለም፣ ቲቸር። ከዚህ ረግረግ አይደለም። እኔ አልለቀምኩትም። የኔ ሻገተብኝና የሰው ወሰድኩ። ከኩሳሞ ነው፤ የድሮ ነው። ቦታውን ከራሴ ጻፍኩት።»

የወይዘሪት ኑቲነን እጅ ሳሩ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ከዚያ እንደምንም ዞራ ጉብ ያለ ሣር ላይ ተቀመጠች።

«ስንቱ ነው እንዲህ የሆነው?»

«አስራ አንዱ።»

«የማን ነበር?»

ቱኦቪ የሲርካ ስም እስከ ጉሮሮዋ ሲመጣ ተሰማት። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የባለቤቱን ስም ግን አልናገርም፣ ቲቸር። ይቅርታ።»

ወይዘሪት ኑቲነን ስትቆጣ የምታደርገውን ማንም ያውቃል፤ ድምፅዋ ይቀጥናል። አሁን ግን አልቀጠነም፣ ወፈረ። «ሐሙስ ዕለት ልኬዋለሁ። ደብዳቤውም አበባውም ሄዷል።» እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ፣ ጭቃውን ከጥፍሮቿ ሥር ሳይቀር ቀስ እያለች አጠበች። «አርባ ዓመት ነው የፈለግሁት» አለች፤ ለቱኦቪ ሳይሆን ለውሃው።

«ከትምህርት ቤት ያስወጡኛል?»

«አላውቅም። የጠባይ ውጤትሽ ይቀነሳል፤ ይህን አውቃለሁ። የቀረውን የመምህራን ስብሰባ ነው የሚወስነው። እዚያ እኔ ያለኝ አንድ ድምፅ ነው።» እጇን ዘረጋች። «በይ አንሺኝ።»

ቱኦቪ ሁለት እጇን ይዛ ሳበቻት። ሴትዮዋ ከገመተችው በላይ ቀላል ነበረች። ረግረጉን ጨርሰው እስኪወጡ ወይዘሪት ኑቲነን የቱኦቪን ትከሻ ተደግፋ ሄደች። ብስክሌቶቹ ጋ ሲደርሱ፣ «ቤተ መዘክሩ እውነቱን ማወቅ አለበት» አለች። «የኔን ደብዳቤ እኔ እጽፋለሁ። ያንቺን አንቺ ትጽፊያለሽ፤ በራስሽ እጅ፣ በራስሽ ስም። እናትሽም ከሌላ ሰው ሳይሆን ካንቺ ትስማው። ሰኞ ይዘሽልኝ ነይ።»

የመንገዱ መለያያ ላይ ደረሱ። ወደ ግራ የቱኦቪ ሰፈር ነው፤ የእናቷ ኩሽና መስኮት ከዚህ ይታያል፤ እናቷ ዛሬ ስለተገኘው አበባ ልትሰማ ቡና አፍልታ እየጠበቀች ነው። ቀጥታው ወደ ከተማ፣ ወደ ወይዘሪት ኑቲነን ቤት ይወስዳል። ወይዘሪት ኑቲነን ራሷን በትንሹ ነቅንቃ መንገዷን ቀጠለች።

ቱኦቪ አንድ እግሯን መሬት ላይ ተክላ ቆየች። ሰኞ ሁለት ቀን ይቀረዋል። በሁለት ቀን ውስጥ ሰው ስንት ሰበብ ሊያስብ ይችላል፤ ራሷን ታውቃለች። የእናቷን መስኮት አንድ ጊዜ አየች። ከዚያ መሪውን አቅንታ፣ ከፊቷ ቀስ ብሎ የሚሄደውን ብስክሌት ለመድረስ ፔዳሉን መርገጥ ጀመረች።

«ቲቸር» አለች ስትደርስባት፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «እርስዎ ቤት ወረቀት አለ? ደብዳቤውን ዛሬውኑ ጽፌ፣ ለእማዬ ይዤላት ልግባ።»