ከገጹ ግርጌ የጠፋው ስም

መባ የስልኳን ገጽ ወደ ታች ሳበችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ዓይኗን ማመን አቅቷት ወደ ላይ መለሰችው፤ ከዚያ ደግማ ወደ ታች ሳበችው። ስሟ የለም። እስከ ትናንት ድረስ ከገጹ ግርጌ «ይህን ድረ ገጽ የሠሩት መባ ገሰሰ እና ብሥራት ይርዳው ናቸው» የሚል ጽሑፍ ነበር። ዛሬ «የሠራው ብሥራት ይርዳው ነው» ይላል።

ቅዳሜ ነውና የወረታ ገበያ ሞቅ ብሏል። እናቷ እናኑ ከደረደረችው ሸክላ መካከል ቁጭ ብላ ከአንዲት ገበያተኛ ጋር ትከራከራለች። ሴትዮዋ ስንጥቅ እንዳይኖረው ድስቱን በጣቷ እያንኳኳች ድምፁን ታዳምጣለች። ገዝታ ስትሄድ እናኑ ወደ ልጇ ዞር ብላ ፊትሽ ለምን ጠቆረ አለቻት። መባ ነገረቻት።

«ተይው ልጄ» አለች እናኑ። «ስምሽን ቢፍቁት እጅሽን አይፍቁትም። እኛስ ስንቱን አሳልፈን የለ።»

መባ ግን መተው አልፈለገችም። እናቷ ስንቱን እንዳሳለፈች ታውቃለች፤ ይበልጥ ያናደዳትም እሱ ነው። አገር ምድሩ ወጡን የሚሠራው በእናኑ ድስት ነው፤ እናኑ ራሷ ግን ከአጥር ውጪ ቆማ ሸጣ ትመለሳለች። የሸክላ ሠሪ ዓይን ምግብ ላይ ካረፈ አይበጅም የሚሉ ሰዎች ውኃ እንኳ የሚሰጧት ለብቻ ባስቀመጡት ጣሳ ነው። ድስቷን እሳት ላይ፣ እሷን ከአጥር ውጪ። ይህን ብልሃት መጀመሪያ ያመጣው ማን እንደሆነ እንጃ፤ ተከታይ ግን አላጣም።

መባና ብሥራት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሱት ባለፈው ዓመት ነው። ሁለቱም ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አላመጡም። አንድ ሳምንት አብረው ተከዙ፤ በሁለተኛው ሳምንት መናኸሪያው አጠገብ ካለ ማሠልጠኛ ገብተው የድረ ገጽ ዲዛይን መማር ጀመሩ። መባ ኮዱን እንደ ውኃ ጠጣችው። ብሥራት ኮድ ሲያይ እንቅልፉ ይመጣል፤ ፎቶ ሲያነሣ ግን የሚያህለው የለም፤ ምላሱም ማር ነው። ስለዚህ ሥራ ሲገኝ እሱ ሊያነጋግር፣ እሷ ልትሠራ ተስማሙ። የመጀመሪያው ሥራ የተገኘው ከአጎቱ ከአቶ አያልነህ የሩዝ መፈልፈያ ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ ለፋችበት። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ተራ መያዣውን ነው። ድሮ የቁሐር ሚካኤልና የይፋግ ገበሬ ሩዙን በጋሪ ጭኖ መጥቶ መፈልፈያው በር ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ያድር ነበር። አሁን እሱ ወይም ልጁ በስልክ ይመዘገባል፤ የሚመጣውም ቀኑ ሲደርስ ነው። ሐሳቡ የመባ ነው፤ ኮዱም የመባ ነው። በሁለቱ ወር ውስጥ ግን አንድም ቀን ከግቢው አልገባችም። ብሥራት ሁልጊዜ «አንቺ አትልፊ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» ይላት ነበር። እሷም የዋህ ናትና ደግነት መስሏት አመስግናው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማሠልጠኛው በር ላይ አገኘችውና ስልኳን አሳየችው። አልካደም።

«አታካብጂው እንጂ» አለ። «ሰኞ አጎቴ በግ ያርዳል፤ ሰው ጠርቷል፣ ድረ ገጹን ሊያስመርቅ። ስምሽ ከታች ከተነበበ አንቺም መጠራትሽ ነው። ከመጣሽ ደግሞ ማን ከማን ጋር ትሪ ይቀርባል የሚል ነገር ይነሣል። ሴቶቹን ታውቂያቸው የለ። ድግሱ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

«ስለዚህ ብቻዬን ሠራሁት አልካቸው።»

«ለጊዜው ነዋ። ድግሱ ሲያልፍ እመልሰዋለሁ። ፈታ በይ።»

የቀረውን የሰማችው ከአሠልጣኛቸው ነው። ለሰኞ ከተጠሩት እንግዶች መካከል ከባሕር ዳር የሚመጡ ወይዘሮ ደብረወርቅ የሚባሉ ሴት አሉ። ለገበሬ ማኅበራት ድረ ገጽ የሚሠራ ድርጅት አላቸው። ተራ መያዣውን በስልካቸው አይተው ወደውታል፤ የሚመጡትም የሠራውን ሰው ሊቀጥሩ ነው። ብሥራት ይህን ካወቀ አራት ቀን ሆኖታል። ስለ ትሪው የነገራት ውሸት አልነበረም፤ ውሸቱ የደበቃት ነገር ላይ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መባ እሑድን በቀሏን ስታሰናዳ ዋለች። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር፤ ግን ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ ከቅዳሴው አንድ ቃል ጆሮዋ አልገባም። ቤት ተመልሳ አሮጌ ላፕቶፗን ከፈተች። የገጹን ፓስወርድ ሁለቱም ያውቁታል። በፊተኛው ገጽ ፋንታ የሚገባ ነጭ ገጽ ሠራችና መካከሉ ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ይህን ድረ ገጽ የሠራችው የሸክላ ሠሪዋ የእናኑ ልጅ መባ ናት። ባለቤቶቹ በሥራዋ ይጠቀማሉ፤ ከእሷ ጋር ግን አንድ ትሪ አይቀርቡም።» አንብባ ደስ አላት። ደግማ አንብባ የበለጠ ደስ አላት። ብሥራት እንግዶቹ ፊት ገጹን ሲከፍት ፊቱ ምን እንደሚመስል እያሰበች ብቻዋን ሳቀች።

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የቀራት አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር። እናቷ ደጅ ላይ ጭቃ እያቦካች በለሆሳስ ታንጎራጉራለች። መባ ጣቷን ቁልፉ ላይ እንዳሳረፈች አዳመጠቻት። ጽሑፉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከስልክ ስልክ እየተላለፈ ወረታን እንደሚዞር ታውቃለች። ሰው ደግሞ የብሥራትን ውሸት ትቶ ስለ እናኑ ነው የሚያወራው፤ በሚቀጥለው ገበያ የሚጠቋቆሙትም እናኑ ላይ ነው። ወይዘሮ ደብረወርቅም ቢሆኑ የሚያዩት የተበላሸ ገጽ እንጂ የእሷን ሙያ አይደለም። እየመረራት ነጩን ገጽ አጠፋችው።

ልቧ የራራ እንዳይመስላችሁ። አሠልጣኛቸው ሠራሁ ያለውን ሁሉ አያምንም፤ «እስቲ ቁጭ በልና ፊቴ ሥራው» ይላል። ወይዘሮ ደብረወርቅም የሙያው ሰው ከሆኑ ይህንኑ ነው የሚሉት። ያን ጊዜ ብሥራት ምን ሊያደርግ ነው? ከመጠምጠም መማር ይቅደም አለች ለራሷ። ላፕቶፗን ከደነችና ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ መጠበቅ ጀመረች።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጠራ፤ ብሥራት ነው። አላነሣችም። ደግሞ ጠራ፤ አሁንም አላነሣችም። በአራተኛው አነሣች።

ከመፈልፈያው ጓሮ ተደብቆ እያንሾካሾከ ነበር። ሴትዮዋ በተራ ዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የቀበሌውን ስም ጨምርበት ብለውታል። እንደሚችል ሆኖ ነካካው፤ ዝርዝሩ በሙሉ ጠፋ። ዛሬ ተራቸው የደረሰ ስልሳ ሰዎች በሩ ላይ ጋሪያቸውን አቁመዋል፤ ሁሉም መጀመሪያ እኔ ነኝ ይላል፤ ዱላ ሊማዘዙ ነው።

«ምን ልጫን?» አለ። «ዝም ብለሽ ንገሪኝ፣ እኔ እጫነዋለሁ።»

መባ ዝም አለች። የዝርዝሩን ቅጂ ጠዋት ጠዋት ላፕቶፗ ላይ ታስቀምጣለች፤ ነገሩ የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ዝም ማለቱ ጣማት። የሚንቀጠቀጥ ትንፋሹን እየሰማች፣ እስከ ማታ እንዲህ ባቆየሁት ብላ ተመኘች። በስልኩ ውስጥ የበሩ ጫጫታ ይሰማል። አንዲት ሴት «እኔ ከቁሐር ሌሊት ተነሥቼ ነው የመጣሁ፣ ተራዬ አምስተኛ ነው፣ እንዲህማ አይዶለም» እያሉ ይጮኻሉ። ድምፃቸውን አወቀችው፤ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ናቸው። ቅዳሜ ድስት ሊገዙ ሲመጡ በእናቷ ሸክላ አጠገብ የመዘገበቻቸው ራሷ መባ ናት። እሳቸው ምን አደረጓት?

«አልነግርህም» አለችው። «መጥቼ አስተካክለዋለሁ። የምገባው ግን በዋናው በር ነው። ስልኩን ለአጎትህ ስጠው።»

«መባ፣ እባክሽ፣ ሰው ፊት ሼም ነው።»

«ስጠው።»

በመጨረሻ የአቶ አያልነህ ወፍራም ድምፅ ማን ልበል አለ።

«ጋሽ አያልነህ፣ መባ ገሰሰ ነኝ፣ የሸክላ ሠሪዋ የእናኑ ልጅ። ድረ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። አሁን የጠፋውንም መመለስ እችላለሁ። ልምጣ ወይስ ይቅር?»

ጫጫታው ከበፊቱ በርትቷል። «ኧረ ነይ» አሉ አቶ አያልነህ። «ቶሎ በይ፣ ሰው ሊፈነካከትብኝ ነው።»

ላፕቶፗን ነጠላዋ ውስጥ አቅፋ በባጃጅ ደረሰች። በሩ ላይ ገበሬዎቹ መንገድ ለቀቁላት። ቢሮው ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ስለነበር እሷ ተቀመጠች፤ አቶ አያልነህ ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ ዝርዝሩ ተመለሰ፤ ዘበኛው ከስልኩ ላይ ስም እያነበበ መጥራት ሲጀምር ጫጫታው ረገበ። ከኋላዋ ቆመው ጣቷን ሲከታተሉ የነበሩት ወይዘሮ ደብረወርቅ የቀበሌውን ስምስ መጨመር ትችያለሽ ወይ አሏት። ጨመረችው። ወይዘሮዋ ወደ ብሥራት ዞረው አንድ ጊዜ አዩት፤ ምንም አላሉትም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ምሳ ቀረበ። እንግዶቹ በረንዳው ላይ በትሪ በትሪ ተቀመጡ። የቤቱ እመቤት ከሴቶቹ ጋር ተንሾካሹከው ሲያበቁ አንዲት ትንሽ ሳህን ለብቻ አምጥተው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጡ። ለማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። የመባ ፊት እንደ እሳት ነደደ። ላፕቶፗን አንሥታ ልትወጣ ስትል ወይዘሮ ደብረወርቅ ትሪያቸው ዙሪያ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ነይ እዚህ፣ ገና ብዙ የምንነጋገረው አለን» አሉ። ሳህኗን አይተዋት ይሁን ሳያዩአት አይታወቅም። አቶ አያልነህ ግን አይተዋታል። እንግዳቸውን አዩ፤ ሚስታቸውን አዩ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንሡት ያን» አሉ።

መባ ተቀመጠች። ወይዘሮ ደብረወርቅ ነገር አያንዛዙም። በድርጅታቸው ያለው ሥራ የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ኮድ ይሠራል፣ ሌላው ገበሬውን እያነጋገረ ፎቶ ያነሣል።

«አንቺን ወስጃለሁ» አሏት። «ሁለተኛውን ግን አንቺ ምረጪ፤ አብረሽው የምትውይ አንቺ ነሽ። የዚህ ልጅ ፎቶ ግሩም ነው። ምን ትያለሽ?»

ብሥራት የቤቱ ታናሽ ነውና ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ እንግዶቹን ያስታጥብ ነበር። ጥያቄውን ሰምቷል። ተራው የመባ ሆኖ ፊቷ ቆመ፤ እንደ ደንቡ ጎንበስ አለ። ዓይኑ ቀልቷል። መባ እጇን ዘረጋች፤ ውኃው መውረድ ጀመረ።

«ይቅር በይኝ» አለ፣ ከእሷ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ።

አንድ ቃል ብትናገር ባሕር ዳር አብረው ይሄዳሉ። ፈተናውን የወደቁ ሰሞን በሐዘኗ ላይ እንዴት ያስቃት እንደነበር ትዝ አላት፤ ልቧ ወደዚያ አዘነበለ። ከዚያ ደግሞ አራት ቀን ሙሉ እያወቀ እንደ ደበቃት አሰበች። ይቅርታው ቅዳሜ ዕለት ማሠልጠኛው በር ላይ ቢመጣ ኖሮ ትቀበለው ነበር።

«ፎቶው እውነትም ግሩም ነው» አለች፣ ለወይዘሮ ደብረወርቅ፣ እሱም እንዲሰማ ቃሉን ረገጥ አድርጋ። «ሌላ ቦታ ሥራ ቢፈልጉለት ደስ ይለኛል። ከእኔ ጋር ግን አይሆንም።»

ውኃው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ እንደገና ወረደ። መባ ጣቶቿን አንድ በአንድ አሸች፤ ጥፍሯ ሥርም አሸች። ስትጨርስ ትከሻው ላይ ባለው ፎጣ እጇን አደረቀችና ወደ ትሪው ቀረበች።