በማዳም መሳይ ገጽ ላይ የወረደው ሰም

ያን ቀን ጠዋት ማዳም መሳይ እንደ ወትሮው ማልደው ተነሡ። ጉሙ ከጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ጣሪያዎች ላይ ገና አልተገፈፈም ነበር። ሻይ አፍልተው ጠጡ፤ ነጠላቸውን ደረቡ፤ የሥራ ክፍላቸውን መስኮት ወለል አድርገው ከፈቱ። የታፈነ አየር አይወዱም።

ዕድሜያቸውን በሙሉ ፈረንሳይኛ ስላስተማሩ ሰፈሩ «ማዳም» ይላቸዋል። ጡረታ ወጥተው ባላቸውን ከቀበሩ በኋላ፣ በወጣትነታቸው ከአንዲት ፈረንሳዊት መምህርት የለመዱትን ሥራ ያዙ። በወፍራም ወረቀት ላይ አሮጌ የፈረንሳይ ጋዜጣ ቀድደው ይለጥፋሉ፤ በቡና ውሃ ያወይቡታል፤ ነጭ ቀለም በስሱ ያለብሱታል። በላዩ ዳንቴል፣ የደረቀ አበባ፣ አንዳንዴም ፎቶግራፍ ያደርጋሉ። ሲያልቅ ቀይ ሰም አቅልጠው ያንጠባጥቡና በአበባ ቅርጽ ያትሙታል። ያን ቀን የሚሠሩት ገጽ የሠርጋቸው ፎቶ ያለበት ነበር። ከዚያ ፎቶ ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም።

የቀድሞ ተማሪያቸው ጸጋ፣ ዛሬ ራሷ መምህርት የሆነችው፣ እንደ ልማዷ ልትረዳቸው መጣች። በምሳ ሰዓት ጎረቤታቸው ዙሀራ ጉንፋን እንደያዛቸው ሰምታ ሾርባ አመጣች። ሲመሽ ጸጋ እየጮኸች ከግቢው ወጣች። ማዳም መሳይ በሥራ ክፍላቸው ድንክ አልጋ ላይ ሞተው ተገኙ።

ወንድማቸው አጵሎስ ከሊሙ ገነት ደርሶ ስለ ሾርባው ሲሰማ ዙሀራን መረዘቻት ብሎ ከሰሰ። የሰፈሩ ሰው ከጎኑ ቆመ፤ ሁለቱ ሴቶች በጎርፍ መውረጃው ምክንያት ሲጣሉ ያልሰማ አልነበረም። ዙሀራ ታሰረች። ቀብሩ ያለ እሷ ተፈጸመ። በጣሪያዋ ላይ ድንጋይ ወረደ።

ሐኪሙ በአስከሬኑ ላይ ቁስል አላገኘም፤ ፊታቸው ግን ቀልቶ ነበር። ናሙናው አዲስ አበባ ተልኳል፤ ውጤቱ ይዘገያል። ዙሀራ ግን በማግሥቱ ፍርድ ቤት መቅረብ ነበረባት። ኢንስፔክተር ወርቂቱ መዝገቡን ከመዝጋቷ በፊት ጣቢያው ውስጥ አግኝታ አነጋገረቻት።

«ከማዳም ጋር ተጣልታችኋል?»

«ወላሂ ተጣልተናል! ጠዋት እሰድባቸዋለሁ፣ ከሰዓት ጨው እበደራቸዋለሁ። ጎረቤት አይደለን?»

«ሾርባው ምን ነበረበት?»

«አጃ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት። ልጆቼም ከዚያው ድስት ጠጥተዋል። ማሎ፣ እባክዎ ኢንስፔክተር፣ ሄደው ይዩዋቸው። እየተሰዳደቡ ነው፤ ደህና ናቸው።»

ወርቂቱ ፈገግታዋን ዋጠች። «ካደረስሽላቸው በኋላ ተመልሰሽ ገባሽ?»

«ዝናቡ መች አስወጣኝ! በመስኮቴ በኩል እየገረፈ ገብቶ፣ ሮጬ እስክዘጋው ሶፋዬን አረጠበው።»

«መስኮትሽ በየት በኩል ነው?»

«በማዳም መስኮት በኩል ነዋ። ጎን ለጎን አይደሉ? በመስኮት ነው የምንሰዳደበው።» ሻርፗን አጠበቀች። «ቅበሪያቸው እንኳ አላሉኝም» አለች።

ወርቂቱ ከጣቢያው ወደ ሟቿ ቤት ሄደች። ጸጋ የሥራ ክፍሉን ከፈተችላት። 

«ማዳምን መቼ ተለየሻቸው?»

«ከምሳ በኋላ። መድኃኒት ወስደው እዚህች ድንክ አልጋ ላይ ጋደም አሉ። እኔ ክፍል ስለነበረኝ ሄድኩ።»

«ዝናቡ ጀምሮ ነበር?»

«ገና ነበር።»

«ማታ ስትመለሺ መስኮቱ እንዴት ነበር?»

«ክፍት። እንደ ሁልጊዜው።»

«እሳት ነበር?»

«የለም። ማዳም ጭስ አይወዱም።»

«ከዚያ ወዲህ እዚህ ክፍል የገባ አለ?»

«አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ማንም። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

ወርቂቱ በመስኮቱ ሥር ወዳለው ጠረጴዛ ተጠጋች። የተቀዳደዱ የጋዜጣ ቁራጮች ተበትነዋል። አንዱን አንሥታ በጣቶቿ አሸችው፤ ተንኮሻኮሸ፤ የውሃ ምልክት የለውም። በመካከላቸው ያ ገጽ ነበር። ከታች ወደ ላይ የወጣ ሰፊ የውሃ ምልክት አለበት። በፎቶው ላይ ሙሽራዋ ትታያለች፤ የሙሽራው ፊት ግን አብጦ ደብዝዟል። ቀዩን ማኅተም ጎንበስ ብላ አየችው። የላይኛው ግማሽ የአበባ ቅጠሎቹን እንደያዘ ነው፤ የታችኛው ግማሽ ቀልጦ እንደ ዕንባ ወደ ታች ወርዷል።

«ይህን ማን አበላሸው?»

«ምናልባት... እሳቸው ራሳቸው» አለች ጸጋ። ወለሉን እያየች ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ከፍርድ ቤቱ ሰዓት በፊት፣ ወርቂቱ ዙሀራን በፖሊስ አጅባ ወደዚያው ክፍል አስመጣች። አጵሎስና ጸጋ ቀድመው ቆመዋል። አጵሎስ ፊቱን አዞረ።

«ገዳይቱን እህቴ ቤት ምን ያስገባታል?»

«አጵሎስ፣ ይቀመጡ። መጀመሪያ መስኮቱን እንመልከት» አለች ወርቂቱ። «ጸጋ ክፍት ነበር ብላለች። ያን ቀን ዝናቡ በዚህ በኩል እየገረፈ ሲገባ የዙሀራ ሶፋ ርሷል። እዚህ ከመስኮቱ ሥር የነበሩት ቁራጮች ግን ጠብታ አልነካቸውም። ስለዚህ በዝናቡ ሰዓት መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። የከፈተው ሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው የከፈተው።»

«ብርድ ሆኖባት ዘግታው ይሆናላ» አለ አጵሎስ።

«ይሆናል። አሁን ማኅተሙን ይዩ። አበባው በደንብ ታትሞ ነበር፤ የላይኛው ግማሽ ይመሰክራል። ታትሞ ከደረቀ በኋላ እንደገና ቀለጠ። ቁልቁል የወረደው ደግሞ ገጹ ተደግፎ ቆሞ ሳለ ነው። በክረምት፣ ፀሐይ በሌለበት ቀን፣ ሰም ምን ያቀልጠዋል?»

«እሳት» አለች ዙሀራ።

«እሳት። የከሰል ማንደጃውን ትናንት አየሁት፤ ኩሽና ውስጥ ታጥቦ ተቀምጧል። ግን እዚህ ክፍል ገብቶ ነበር። ሐኪሙን የማዳም ፊት ለምን ቀልቶ እንደነበር ጠየቅሁት። በተዘጋ ቤት የከሰል እሳት ሲገድል እንዲህ ያደርጋል አለኝ።»

አጵሎስ ከወንበሩ ተነሣ። «ታዲያ ራሷ አስገብታው ከሆነስ?»

«የሞተ ሰው መስኮት ከፍቶ፣ ማንደጃ አውጥቶ አያጥብም። ይህን ያደረገው፣ ከጩኸቱ በፊት ብቻውን እዚህ የነበረ ሰው ነው። እርስዎ ሊሙ ነበሩ። ዙሀራ በጩኸቱ ነው የመጣችው። ደግሞ መርዝ ያበላ ሰው ፎቶ ለማድረቅ እሳት አያነድም። ገጹ ውሃ ጠጥቷል፤ እሳቱ የገባው ለእሱ ነው። ማዳም ነቅተው ቢሆን መስኮቱን አያስዘጉም ነበር። ተኝተው ሳለ፣ እንዳያዩ የተደረገ ነው።»

ሁሉም ወደ ጸጋ ዞሩ። ነጠላዋን በአፏ ላይ ይዛ ነበር።

«ብሩሾቹን ሳጥብ ቆርቆሮው ተገለበጠ» አለች። «ውሃው ገጹ ላይ ተደፋ። ተኝተው ነበር። ሲነቁ ባላቸውን እንደዚያ ሆነው እንዲያዩ አልፈለግሁም። ቶሎ ከደረቀ ፊታቸው የሚተርፍ መሰለኝ። ዝናቡ ሲጀምር መስኮቱን ዘጋሁ፣ ማንደጃውን አስገባሁ። ከሰሉ ቀልቶ ነበር፤ ጭስ የለውም፤ የቀላ ከሰል አይጎዳም ብዬ ላስተምር ሄድኩ። እመለሳለሁ ብዬ ነው...»

«ስትመለሺስ?» አለች ወርቂቱ።

«ነካኋቸው። ቀዝቅዘው ነበር።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«አፈርኩ።»

«እኔ ስታሰርስ?» አለች ዙሀራ።

ጸጋ ቀና አላለችም። «ያኔማ የባሰ አፈርኩ። ነገ እናገራለሁ እያልኩ ነገ መጣ።»

«በአንቺ እፍረት እኔ ልታሰር?» ዙሀራ ድምፅዋን አላነሣችም። «ልጆቼ ከአልጋ ሥር ነው ያደሩት። ድንጋይ ሲወርድባቸው።»

 ወርቂቱ የፖሊሱን ዓይን ሸሸች። የእስር ትእዛዙን የጠየቀችው እሷ ነበረች፤ ይህን ክፍል ሳታይ።

«እኔም አጥፍቻለሁ፣ ዙሀራ። ቀድሜ እዚህ መምጣት ነበረብኝ» አለች።

አጵሎስ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። «ዙሀራ፣ እኔ... በእግዚአብሔር ስም ይቅር በይኝ።»

«ማዳምን ገና አላለቀስኳቸውም» አለችው። «መጀመሪያ እሱን ልጨርስ። ከዚያ አንተን እናያለን።»

ወርቂቱ ነፃ ነሽ ስትላት ወጥታ አጥሩን ዞራ ወደ ቤቷ ገባች። ወዲያው ለቅሶዋ በመስኮቱ ተሰማ። በመንገዱ ላይ ቆመው የነበሩት ሴቶች ሊገቡ ወደ በሯ ተጠጉ፤ ከውስጥ ተቀርቅሮ አገኙት። ጥቂት ቆመው ተበታተኑ። ጸጋን ፖሊሱ ሲወስዳት እጇን መያዝ አላስፈለገውም፤ ቀድማው ትሄድ ነበር።

ፍርድ ቤት ጸጋን በቸልተኝነት ሰው በመግደልና ማስረጃ በመደበቅ ጥፋተኛ ብሎ ፈረደባት። አጵሎስ የእህቱን ቤት ሳያከራይ ዘግቶት ሄደ። ዙሀራ እዚያው ትኖራለች። ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት ለማድረስ ስትወጣ ሰዎች በየደጃቸው ቆመው ከእሷ ቃል ይጠብቃሉ፤ እሷ ወደ ፊቷ እያየች ታልፋለች። በዚያ መንገድ ላይ አሁን የጠዋት ሰላምታ የለም።